ይሄን ደግሞ ማን ቆረጠብኝ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፍቷል። ጀበናውን ከሰል ላይ ጥጄ ስልኬን ስነካካ የባንኬን ስቴትመንት፣ የገቢና ወጪ ዝርዝሩን፣ ከፈትኩት። ምነው ባልከፈትኩት! 26.50፣ 19.08፣ 18.02፣ 1 ዶላር፣ ከዛ ደግሞ 29.99። ከጎናቸው የተጻፈው ስም አንዱም አይነበብ። ሲደመር 94.59 ዶላር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ካርዱ የዶላር ሂሳብ ካርድ ነው። ለውጭ ድርጅት የምሠራት ትንሽ የትርጉም ሥራ አለች፣ ክፍያዋ እዚያ ይገባል። በሱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው የአክስቴ ልጅ አድራሻ ዕቃ አዛለሁ፤ እሷ ደግሞ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኝ በሻንጣ ትልክልኛለች። እንግዲህ «ተሰረቅኩ!» ብዬ ባንክ ልደውል ስል ቡናው ገነፈለ። መገንፈሉ ጠቀመኝ፣ እስካጸዳው ድረስ ትንሽ ቀዝቀዝ አልኩ።

ያሳሳተኝ ስሙ ነው። ስቴትመንት ላይ የሚወጣው ስም ሁልጊዜ እኛ ሱቁን የምናውቅበት ስም አይደለም። ሰፈር ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ጠጡና ደረሰኙን እዩት፤ በራፉ ላይ የተጻፈው የካፌው ስም የለም፣ የባለቤቱ ስም ከነአያቱ ነው ያለው። ኦንላይንም እንደዛው ነው፣ ሱቁ ሌላ፣ ገንዘቡን የሚሰበስበው ድርጅት ሌላ። በዚያ ላይ ለሻጩ ስም የተተወችው ቦታ ከ25 ፊደል አትበልጥም፣ ስለዚህ ያሳጥሩታል። አማዞን እንኳ «ኤ፣ ኤም፣ ዜድ፣ ኤን» በሚሉ አራት ፊደላት ብቻ ይመጣና የቁጥርና የፊደል ዝባዝንኬ ይከተለዋል። በኦንላይን መክፈያው በፔይፓል የከፈላችሁ እንደሆነ መጀመሪያ የፔይፓል ስም፣ ከዛ ኮከብ፣ ከዛ የተቆራረጠ የሻጭ ስም።

ስለዚህ ስሙን ተዉት፣ ቁጥሩን ያዙ። ኢሜይል መፈለጊያው ላይ 26.50 ብዬ ጻፍኩ። ወጣ! ኪቦርዴ ነው። በጭንቅላቴ ይዤ የነበረው «60 ዶላር አንድ ላይ አዘዝኩ» የሚለውን ነበር፣ ኪቦርድ 25፣ ማውስ 18፣ የልጄ ጫማ 17። የሜሪላንድን 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ግን ረስቼዋለሁ። ደግሞ ዕቃው ከተለያየ መጋዘን ስለወጣ እያንዳንዱ ሲላክ ለብቻው ነው የተቆረጠው፣ በተለያየ ቀን። ሦስቱን ብትደምሩ 63.60 ይመጣል፣ 60 ከነግብሩ። ሌባ የለም።

1 ዶላሯም የዋህ ነበረች። ካርዱን አዲስ ቦታ ሳስገባ በትክክል መሥራቱን ለማየት የያዟት ናት፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሷ ተመለሰች። ግን ካርድ የትም ሳታስገቡ እንዲህ ያለ ሳንቲም ከታየ ተጠራጠሩ። ሌቦችም የሰረቁት ካርድ መሥራቱን የሚሞክሩት በትንሽ ብር ነው። ያኔ ጥናት አያስፈልግም፣ ካርዱን ወዲያው አሳግዱ።

የቀረችው 29.99። እዚህ ላይ ማፈሬን ልናገር። ፌስቡክ ላይ «የወገብ ቀበቶ በነጻ! የማጓጓዣ 4.95 ብቻ ይክፈሉ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነበር። ከፍያለሁ፣ ቀበቶውም መጥቷል። ከታች በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን ማን ያነባል? ከ14 ቀን በኋላ የአንድ የስፖርት ክለብ አባል ትሆናላችሁ ነው የሚለው፣ በወር 29.99። ቆራጩ ድርጅት ስሙ ከቀበቶውም ከክለቡም ጋር አይገናኝም። ያኑ ቀን «አቋርጡልኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ «አቋርጠናል» ብለው መለሱ። በወሩ ደገሙኝ።

ሰፈራችን ያለው ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሲስተም የለም። በማግስቱ አለ፣ ግን ልጁ የሚያውቀው ካርድ መዝጋት ብቻ ነው። መዝጋቱ ለሚመጣው እንጂ ለሄደው ገንዘብ ምን ይፈይዳል? ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሰንጋ ተራ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ የካርድ ክፍል። ኃላፊዋ ፎርም ሰጠችኝና «አላውቀውም ይበሉ፣ እሱ ይቀላል» አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ምክሯ ግን ጥሩ አይደለም። አላውቀውም ካልኩ ሻጩ አድራሻዬን፣ ኢሜይሌን፣ በፈቃዴ የከፈልኳትን 4.95 አውጥቶ ያሳያል፣ ውሸታም እኔ እሆናለሁ። እኔ የሞላሁት «ካቋረጥኩ በኋላ ቆረጡብኝ» የሚለውን ነው፤ «አቋርጠናል» ያሉበትን ኢሜይል አትሜ ከነቀኑ አያያዝኩ። ኮፒው ላይም ማህተም አስመታሁ፣ እሱ ሳይመታ እንዳትወጡ።

የአክስቴ ልጅ በስልክ «ምን ያስጨንቃል፣ ሕጉ እኮ ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልም» ትለኛለች። እሷ የምትለው የአሜሪካ ሕግ ነው፣ እሱም ለክሬዲት ካርድ፣ ያውም ሌላ ሰው ካርዱን ያለፈቃድ ሲጠቀምበት። ቱሉ ዲምቱ ድረስ አይመጣም። እኛ ያለን የቪዛና የማስተርካርድ የራሳቸው ደንብ ነው፣ ለአብዛኛው አቤቱታ 120 ቀን ይሰጣሉ። ግን ቀኑ የሚቆጠረው ባንኩ ላይ ነው፤ ፎርማችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ቢተኛም ከዚያው ይቀነሳል። እኔ በየሳምንቱ ሰኞ እደውል ነበር። በመጨረሻ ድምፄን ለይተውት «እ፣ ባለ ቀበቶው!» ይሉኝ ጀመር።

በሰባተኛው ሳምንት 29.99 ተመለሰ። የመጀመሪያዋ ወር ግን ቀለጠች፣ እሷን ሳላነብ የተስማማሁት እኔ ነኝ። ቀበቶውን እናቴ ወስዳዋለች፣ ወገቤን ተሽሎኛል ትላለች።