በአዳማ የጫጩት መፈልፈያዬን ከቮልቴጅ ንረት የጠበቅሁበት መንገድ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከሦስቱ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኖቼ የሁለቱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተቃጥሎ አደረ። ያቃጠላቸው ከመብረቅ በመስመሩ የመጣ የቮልቴጅ ንረት ነበር። መብረቁ ቤታችን ላይ አልወደቀም፤ ጥበቃችን እንደነገረኝ ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይቷል፤ ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ መብረቁ የወደቀው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር ማለት ነው። እንቁላሎቹ አሥራ አንደኛ ቀናቸው ላይ ነበሩ። የዶሮ እንቁላል ለ21 ቀናት በ37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት ስላለበት፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ጠዋት ላይ ማድረግ የምችለው ነገር ጥቂት ነበር። ወደ ሦስተኛው ማሽን ያሸጋገርኋቸውን በብርሃን ሳያቸው አብዛኞቹ ሞተው ነበር።

በዚያ ጠዋት ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ ብሬከሩ ለምን አልወረደም የሚል ነበር። መልሱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦ ከመጠን በላይ ሲጫን ወይም ሁለት መስመሮች ሲነካኩ እንዲያቋርጥ ሲሆን፣ ለዚህም ቢፈጥን እንኳ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ያስፈልጉታል። ከመብረቅ የሚመጣ ንረት ግን በማይክሮ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ የአሬስተር (ንረቱን ወደ መሬት የሚያሳልፍ መከላከያ) አምራቾች ዕቃቸውን የሚፈትሹበት ሞገድ በ8 ማይክሮ ሰከንድ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ በ20 ማይክሮ ሰከንድ ወደ ግማሽ የሚወርድ ነው። ብሬከሩ መንቀሳቀስ ሳይጀምር ጉዳቱ ደርሶ ያልቃል።

ስለዚህ አሬስተር ገዛሁ። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ከቦርዱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ አሰረልኝ፤ ከብሬከሩ ወደ አሬስተሩ የሚሄደው ሽቦ 1.2 ሜትር፣ ከአሬስተሩ ወደ መሬት የሚወርደው ደግሞ ሌላ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ትርፉ እንዳይባክን በሚል በክብ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ነበር። ለአሬስተሩም ለብቻው አንድ የግራውንድ ዘንግ በአጥሩ ሥር ተቀበረለት። ሥራው ንጹሕ ይመስል ስለነበር ገንዘቡን በደስታ ከፈልሁ፤ ከዚያ በኋላም ስምንት ወር ያህል በሰላም ተኛሁ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ያ ሰላም አበቃ። አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል፤ ከከተማው ወጣ ብለው ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ከሰዓት በኋላ በነፈሰ ከባድ ነፋስ ምሰሶው ላይ ያለው የኒውትራል ሽቦ መገጣጠሚያ ላላ። የክፍሉ አምፖሎች እንደ ቀን ብርሃን ደመቁ፣ የጎረቤቴ ቤት ደግሞ ደበዘዘ፣ ከዚያም ከአሬስተሩ ጭስ መውጣት ጀመረ። እንደ አጋጣሚ እዚያው ስለነበርሁ ዋናውን ብሬከር በእጄ አወረድሁት፤ ሆኖም አሬስተሩ ቀልጦ የግድግዳውን ቀለም አጥቁሮት ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በሦስት ፌዝ መስመር በእያንዳንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት፣ በፌዝና በፌዝ መካከል ደግሞ 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲበጠስ በተለያዩ ፌዞች ላይ የተሰኩ ዕቃዎች በዚያ 380 ቮልት ላይ ተከታትለው እንደተቀጠሉ ይሆናሉ፤ ብዙ ዕቃ የተሰካበት ፌዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ጥቂት የተሰካበት ደግሞ ይንራል። የእኔ አሬስተር ላይ የተጻፈው ያለማቋረጥ ሊሸከም የሚችለው ቮልቴጅ 275 ነበር። ውስጡ ያለው ቫሪስተር ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ በመሆኑ፣ ቮልቴጁ ከገደቡ ሲያልፍ ተቃውሞውን ጥሎ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፤ ይህም ለማይክሮ ሰከንዶች ሲሆን ሥራው ነው፣ ለደቂቃዎች ሲሆን ግን ምድጃ ይሆናል። ብዙ ሰው አሬስተር ከማንኛውም ዓይነት ከፍተኛ ቮልቴጅ ያድናል ብሎ ያምናል፤ እኔም አምን ነበር፣ ይህንንም እምነት ለማረም ያወጣሁት ገንዘብ ቀላል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ አዛውንት ሄድሁ። ዕድሜያቸውን በወንጂ ስኳር ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ቦርዱን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ በጣታቸው የተጠቀለለውን ሽቦ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ይህን ማን ጠቀለለው?» አሉኝ። «ባለሙያው ነው፣ ጋሼ፤ ጥፋት አለው እንዴ?» አልኋቸው። «መብረቅ መጠምጠም አይወድም። መንገዱን ስታስረዝምበት ወደ ማሽንህ ይዞራል» ብለው መለሱልኝ።

ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ስሠራው የተናገሩት ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሜትር ሽቦ አንድ ማይክሮ ሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ (የኤሌክትሪክን ድንገተኛ ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) አለው፤ 10 ኪሎ አምፔር በ8 ማይክሮ ሰከንድ ሲያልፍበት በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ከአንድ ሺህ ቮልት በላይ ይፈጠራል። አሬስተሩ ራሱ ቮልቴጁን ወደ 1,500 ቮልት ቢያወርደው እንኳ፣ ሁለት ሜትር የሚያህለው ሽቦ ከሁለት ሺህ በላይ ይጨምርበታል፤ ጥቅልሉ ደግሞ ከዚያም ያባብሰዋል። ማሽኑ ጋ የሚደርሰው ከ3,500 ቮልት በላይ ነው ማለት ነው። ለተራ የቤት ዕቃ የሚጠበቀው የመቋቋም አቅም 2,500 ቮልት፣ ለስስ ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ 1,500 ቮልት ነው። ስለዚህ ወደ አሬስተሩ የሚገባውና ከእሱ ወደ መሬት የሚወጣው ሽቦ ተደምሮ ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል። አሁን አሬስተሩ የተቀመጠው ቦርዱ ውስጥ፣ ከግራውንዱ ባር አጠገብ ሲሆን፣ የፌዙ ሽቦ ወደ አሬስተሩ ፊውዝ መግቢያ ጫፍ ገብቶ ከዚያው ጫፍ ወደ ጭነቱ ይወጣል፤ ሁለቱም ወገን ተደምሮ ሲለካ 35 ሳንቲ ሜትር ነው።

የግራውንዱ ነገር ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ነበር። የአዳማ አፈር ቀላልና አሸዋማ፣ ውሃ የማይዝ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ በበጋ ደግሞ ሥሩ ድረስ ይደርቃል። ጋሼ ባመጡት መለኪያ ስንፈትሸው አጥር ሥር የተቀበረው ዘንግ 140 ኦም አሳየ። ቁጥሩ ብቻውን ያን ያህል ባላስደነገጠኝ ነበር፤ ያስደነገጠኝ ዘንጉ ከማሽኖቹ ግራውንድ ጋር አለመገናኘቱ ነው። መቶ አምፔር ብቻ በ140 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 14,000 ቮልት ይፈጠራል፤ ሁለቱ ግራውንዶች ተለያይተው ከቆዩ ያ ሁሉ ቮልቴጅ በማሽኑ አካልና በሽቦዎቹ መካከል ይቆማል። አሬስተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራም ማሽኑ ሊቃጠል የሚችልበት መንገድ ይህ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት ዘንጎች፣ የማሽኖች አካልና የአሬስተሩ ማውረጃ በአንድ የመዳብ ባር ላይ ከተገናኙ ግን፣ የባሩ ቮልቴጅ ለቅጽበት ወደ ላይ ቢወጣ እንኳ ሁሉም አብረው ይወጣሉና በመካከላቸው ልዩነት አይኖርም። ከዚህ ሥራ የተማርሁትን አንድ ነገር ብቻ ጥቀስ ብባል ይህን እጠቅሳለሁ።

ባሩን ከሠራን በኋላ ተቃውሞውን መቀነስ ጀመርን። 2.5 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት ዘንጎች በ5 ሜትር ርቀት ቀበርን፤ ተቀራርበው ቢተከሉ አንዱ የሌላውን አፈር ስለሚሻማ ጥቅማቸው ይቀንሳል። ብዙዎች ጨውና ከሰል እንድጨምር መክረውኝ ነበር፤ ጨው ግን በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። በምትኩ ከሞጆ አቅጣጫ አንድ መኪና መረሬ አስመጥቼ ጉድጓዶቹን በእሱ ሞላሁ፤ መረሬ እርጥበት ይዞ የሚቆይ አፈር ስለሆነ በአሸዋችን መካከል እንደ ስፖንጅ ያገለግላል። ዘንጎቹን የሚያገናኘውን ባዶ የመዳብ ሽቦም 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ በዚያው አፈር ሸፈንሁት። በሚያዝያ መጀመሪያ ስንለካው 17 ኦም፣ በሐምሌ ደግሞ 9 ኦም ደረሰ።

አዲሱን አሬስተር ስመርጥ 385 ቮልት የሚሸከመውን ወሰድሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኒውትራሉ እንደገና ቢበጠስ በፌዙ ላይ ሊመጣ የሚችለው የከፋ ቮልቴጅ 380 ነው። በእርግጥ ይህ ምርጫ ዋጋ አለው፣ የሚያሳልፈው ቅሪት ቮልቴጅ ከ275ቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማሽን አጠገብ አነስ ያለ ሁለተኛ አሬስተር ጨመርሁ። በሦስቱ ፌዞችና በኒውትራል መካከል ቫሪስተሮች፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ማሳለፊያ ያለበትን ዓይነት መረጥን።

አሬስተር በራሱ መስመር አያቋርጥም፤ ስለዚህ የማቋረጡን ሥራ ለሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች ከፋፈልነው።

የመጀመሪያው ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ዋናው ዲስኮኔክተር፣ ማለትም መስመሩን በእጅ የሚለያይ መሣሪያ ነው። እጀታው በቁልፍ ይቆለፋል፤ ማንኛውም ሰው የቦርዱን ሽቦዎች ከመንካቱ በፊት ይህን ከፍቶ (መስመሩን አቋርጦ) ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፣ ከዚያም በመለኪያ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን ያረጋግጣል። የላይኛው ጫፎቹ ግን ምንጊዜም ኤሌክትሪክ ስላለባቸው በማይነካ ክዳን ተሸፍነዋል። ዲስኮኔክተር ስትገዙ የተጻፈበትን ምድብ አንብቡ፤ ኤሲ-20 የሚል ከሆነ ጭነት እያለ መከፈት የለበትም፣ ከተከፈተ በመካከሉ የሚነሣው እሳት እጅና ፊት ያቃጥላል። እኔ የወሰድሁት ሞተር ያለበትን ጭነት ጭምር ማቋረጥ የሚችለውን ኤሲ-23 ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሁልጊዜ አስቀድመን ብሬከሮቹን እናወርዳለን።

ሁለተኛው የአሬስተሩ የራሱ ፊውዝ ያለው ዲስኮኔክተር ነው። አሬስተር ሲያረጅ ውስጡ ተነካክቶ ሊቀር ስለሚችል፣ አሬስተሩ እሳት ከመያዙ በፊት ፊውዙ ከመስመሩ ይለየዋል፤ የፊውዙን መጠን የወሰድነው ከአሬስተሩ አምራች ወረቀት ላይ እንጂ በግምት አይደለም። በመጋቢት አሬስተሩ ሲጨስ ይህ አልነበረኝም።

ሦስተኛው ቮልቴጅ የሚከታተል ሪሌይና በእሱ የሚታዘዝ ኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው። ከ185 በታች ወይም ከ245 ቮልት በላይ ሲሆን፣ ወይም አንድ ፌዝ ሲጎድል ማሽኖቹን ይለያል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣም መስመሩ እስኪረጋ አራት ደቂቃ ጠብቆ ይመልሳል። መፈልፈያው አራት ደቂቃ ያለ ሙቀት ቢቆይ እንቁላሉ አይጎዳም። የጀነሬተሩ መቀያየሪያም ኒውትራሉን ጭምር የሚለያይ ባለ አራት ምሰሶ እንዲሆን አደረግን፤ ይህ ጀነሬተሩ ሲነሣ ወደ ሰፈሩ መስመር ኤሌክትሪክ እንዳይሄድና ምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዳይጎዳ የግድ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንድ ሰሌዳ ተቃጠለብኝ። ለሁለት ቀን ስንፈልግ ቆይተን ያገኘነው መንገድ ከኃይል መስመሩ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ከመፈልፈያው ክፍል ወደ ጥበቃው ቤት 40 ሜትር የተዘረጋው የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሽቦ ነበር። በአየር ላይ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ አጠገቡ መብረቅ ሲወድቅ ራሱ ቮልቴጅ ይፈጠርበታል። ሽቦውን በብረት ቱቦ ውስጥ አድርጌ ቀበርሁት፣ ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ከግራውንዱ ጋር አገናኘሁት፣ መግቢያው ላይም ለመልእክት ሽቦ የሚሆን ትንሽ አሬስተር አደረግሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ቦርዱን ስከፍት ከሦስቱ የፌዝ አሬስተሮች የመካከለኛው የሁኔታ ማሳያ መስኮት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተቀይሮ አገኘሁት። ሌሊቱን በሰፈሩ ከባድ ነጎድጓድ ነበር፤ ማሽኖቹ ግን ሦስቱም በ37.5 ዲግሪ ላይ ነበሩ፣ እንቁላሎቹም አሥራ ስድስተኛ ቀናቸው ላይ። የአሬስተሩን ዲስኮኔክተር ከፈትሁ፣ በመለኪያ አረጋገጥሁ፣ የሞተውን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ፣ መልሼም ዘጋሁት። ማሽኖቹ አንድም ጊዜ አልቆሙም።