ቁልፍ ይዞ መታመን

ለጥምቀት ጎንደር በገባሁ ሰሞን፣ አብራኝ ነርሲንግ የተማረችና ዛሬም በከተማዋ የአእምሮ ሕሙማንን የምታክም ባልንጀራዬ፣ «በሩን የምትቆልፊባቸው አንቺ ሆነሽ ሳለ እንዴት ብለው ያምኑሻል?» ስትል ጠየቀችኝ። የምሠራው እንግሊዝ አገር፣ ጥበቃ በሚደረግበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሆነ ጥያቄዋ የሥራዬን ዋና ነገር የነካ ነበር።

እዚያ ያሉት ታካሚዎች በ1983 በወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ መሠረት የተያዙ ናቸው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ብዙዎቹ ሕመሙ በበረታባቸው ጊዜ በሰው ላይ ጉዳት አድርሰው ከፍርድ ቤት ወይም ከወህኒ ቤት የተላኩ ሲሆኑ፣ ፍርድ ቤት ልዩ ገደብ የጣለበት ታካሚ ከግቢ ለመውጣት ከሐኪሙ ይሁንታ በተጨማሪ የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ ስገባ ቁልፉን በሰንሰለት ከቀበቶዬ ጋር አያይዛለሁ፤ አንዱ በር ከኋላዬ ሳይዘጋ ሌላው ከፊቴ አይከፈትም። ከምግብ በኋላ ቢላዋና ሹካ ይቆጠራል፤ አንዲት ሹካ ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ ከአዳራሹ የሚወጣ የለም።

ይሁን እንጂ አጥርና ቆጠራ ብቻቸውን ማንንም አይጠብቁም። ሌሊቱን ማን ሳይተኛ እንዳደረ፣ የማን እናት ሙት ዓመት በዚህ ሳምንት እንደሚውል፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ የሚያውቅ ነርስ ከሌለ፣ አደጋው የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ገና በ1952 የነርስና የታካሚ ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን፣ መጀመሪያና ፍጻሜም እንዳለው አስተምራ ነበር።

ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬ ስለ አንድ ወጣት ልናገር። ራሱን እንዳይጎዳ በቅርብ ክትትል ሥር ስለነበር፣ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሲገባ ነርስ ከአጠገቡ አትለይም፤ ለማንም አዋቂ ሰው ይህ ከባድ ውርደት ነው። ስለዚህ በሩን ከመክፈቴ በፊት አንኳኩቼ፣ ማን እንደሆንኩና ለምን እንደምገባ ሁልጊዜ እነግረው ነበር፤ እርሱ ግን አይመልስልኝም። አንድ ቀን በ10 ሰዓት ለእናቱ እንዲደውል ቀጠሮ ይዘን ሳለ ሠራተኛ ጎደለ። ሰዓቱ ሲደርስ ሄጄ «እስከ 11 ሰዓት ትቆያለህ» አልኩት፤ በ11 ሰዓትም ስልኩን ይዤ መጣሁ። «ቅድም የመጣሽው ይህን ልትነግሪኝ ብቻ ነው?» አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሕመሙ ሳቢያ ለእርሱ ብቻ የሚሰሙት ድምፆች እንደተመለሱበት ማንንም ሳይነካ ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ መድኃኒቱም ተስተካከለለት።

ጥቁር ታካሚዎችን በተመለከተ ነገሩ ይበልጥ ይከብደኛል። በእንግሊዝ ጥቁሮች በዚህ ሕግ የሚያዙበት መጠን ከነጮች ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ከክፍሉ የሚደርሱት ቀድሞውኑ እምነታቸው ተሟጦ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ በክፍሎቹ ውስጥ ኃይል መጠቀምን በመመሪያና በመዝገብ የገደበው፣ ፖሊሶች ሆስፒታል ውስጥ ይዘውት ከሞተ ጥቁር ወጣት ጉዳይ ተነሥቶ ነው። በኃይል ተይዞ ማረጋጊያ መርፌ የተወጋ ሰው ሲረጋጋ አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታችን ነው እላለሁ።

ባልንጀራዬ በምትሠራበት ክፍል ሕመምተኛው ያለ አስታማሚ አይገባም፤ እናቱ ጋቢዋን አንጥፋ ከአልጋው ሥር ታድራለች፣ ነርሷም የልጁን ጠባይ የምትረዳው ከእርሷ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ዘመድ በቀጠሮ መጥቶ ለአጭር ጊዜ ጠይቆ ይመለሳልና፣ ታካሚውን ጠንቅቆ የማወቁ ሸክም በነርሷ ላይ ይወድቃል። ሆኖም ዘመድ መሆን አትችልም፤ ስልኳን አትሰጥም፣ መኖሪያዋን አትናገርም፣ ስጦታ አትቀበልም። ልጆቹንና ከብቱን ሳይጠይቅ ሰላምታ ከማይጨርስ ሕዝብ መካከል ላደግሁት ለእኔ ይህ አስቸግሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀርበው ከከዱት ሰዎች በኋላ ወደ እኛ ለመጣ ሰው፣ የማይለዋወጥ ድንበር ከወዳጅነት ይልቅ እንደሚያሳርፈው አይቻለሁ።

ያ ወጣት ጥበቃው ወደላላበት ክፍል ሲዛወር፣ ቀኑን ከሳምንታት በፊት ነገርነው። የሚረከበው ነርስም አስቀድሞ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ድምፆቹ ሲቃረቡ ምን ምልክት እንደሚያሳይና በዚያን ጊዜ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ የነገረው ግን ወጣቱ ራሱ ነበር።