ከበሩ ጀርባ ያለው ማዳበሪያ

ዛሬ ገና ስነሳ ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ። እንዲህ ሲያደርገኝ ዝም ብዬ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ መፈግፈግ ነው የሚሻለኝ።

የምጠግናት የፋይበር ግላስ (በፕላስቲክ ሙጫ የተያያዘ የብርጭቆ ክር) ጀልባ አሁንም ሐይቁ ዳር ተገልብጣለች። ጣና በግንቦት ሲጎድል ድንጋዮቹ ወደ ላይ ይቀርባሉ፤ ወደ ዘጌ ስትሄድ አንዱ ሆዷን መታት። ስንጥቁ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሠራሁት እሱን ማስፋት ነበር። የጀልባዋ ውፍረት 5 ሚሊ ከሆነ ዙሪያውን 6 ሳንቲም ያህል እያሳሳህ መፋቅ አለብህ። እንደ ሰሐን ጎድጎድ ይላል። አዲሱ ፋይበር ግላስ አሮጌውን የሚይዘው በዚያ ስፋት ነው። ስንጥቁ ላይ ስቱኮ ብቻ ለጥፈው ቀለም የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ሰው የሚጫንበት ነገር ላይ እንዲህ ሲደረግ ሳይ በጣም እናደዳለሁ።

አዲሱን ፋይበር ግላስ ለጥፌ፣ ዛሬ ላዩን ወደሚያስተካክለው ስቱኮ ደርሻለሁ። በዚህ ሙቀት ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ከገባ በኋላ አሥር ደቂቃ እንኳን አይሰጥህም፤ ስለዚህ እፍኝ እፍኝ ነው የማቦካው። ሲደርቅ ላዩን በእርሳስ ሞነጫጨርኩት። ቁጥር 80 ወረቀት ረጅም ጣውላ ላይ ለጥፌ በሰያፍ ፈገፈግኩ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው እርሳስ ይጠፋል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ይቀራል። በእጅ ብቻ ከሆነ ወረቀቱ ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፤ ምንም አይታወቅህም። በመጨረሻ ምስር የምታህል ጥቁር ምልክት ቀረች። እሷ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ።

አባቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር ይሸጥ ነበር። በደንገል ታንኳ። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ማታ ማታ አውጥቶ ዛፍ ላይ ያስደግፋታል፣ ውሃዋ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ጥቂት ወር ካገለገለች በቃ፣ ሌላ ታሠራለች። እናቴ የደረቀውን ለእሳት ማቀጣጠያ ትወስዳለች። የበሰበሰው እዚያው ዳር ይቀርና ክረምት ሲገባ ሣር ይበቅልበታል። የድሮዎቹ ታንኳዎች የት ሄዱ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የትም አልሄዱም፤ እዚያው አፈር ሆነዋል።

ፋይበር ግላስ አይበሰብስም። የምወደውም ለዚያ ነው። በደንብ ከተጠገነች ይህቺ ጀልባ መነኮሳቱንም ገበያተኛውንም ገና ብዙ ዓመት ታመላልሳለች። የሚከነክነኝ ዱቄቱ ነው። ሲያዩት የጤፍ ዱቄት ይመስላል፤ ብርጭቆና ፕላስቲክ ነው። ማስክ አድርጌም አንገቴና ክርኔ ላይ ይገባል። ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ካልታጠብኩ ሲያሳክከኝ ያድራል። ስንት ዓመት ነፋሱ ወደ ሐይቁ ሲወስደው እያየሁ ዝም ብያለሁ። ልጆች የሚዋኙት እኮ እዚያው አጠገቤ ነው። ዓሣውንም የምንበላው እኛው ነን።

ዛሬ ሸራ አንጥፌ ጠርጌ ሰበሰብኩት። የሦስቱ ቀን ተደምሮ የማዳበሪያ ከረጢት ሩብ ሞላ። ከዚያ ይዤው ቆምኩ። ብቀብረው አይበሰብስም። ባቃጥለው ጭሱ መርዝ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች የት እንደሚደፉት ጠየቅኳቸው፤ “ከከተማ ውጭ” አሉኝ። ከከተማ ውጭስ ዝናብ አይዘንብም? ጎርፉስ ወዴት ነው የሚወርደው?

ባለጀልባው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሰኔ ሳይጠና ይፈልጋታል። ምስሯን የምታህለውን ጎድጓዳ ሳልሞላት መሸ። ነገ እሷን ሞልቼ ለስለስ ወዳለው ቁጥር 120 ወረቀት እገባለሁ፤ ሌላ ዱቄት ይመጣል። ማዳበሪያው አፉ በሲባጎ ታስሮ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል። እናንተ ብትሆኑ የት ትጥሉት ነበር?