የሥራ ሰዓቴን እንዴት አስቀነስኩ?

አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ሙሉ ቀን መሥራት አልቻልኩም። ሥራዬን መልቀቅም አልፈለግኩም። ስለዚህ ሰዓቴ እንዲቀነስልኝ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝም። ዋናው ጉዳይ ግን መፈቀዱ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ነው።

መጀመሪያ የሥራ ውሌን፣ የመሥሪያ ቤቱን ደንብና ሕጉን አነበብኩ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሠራተኛ ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ቦታ ግን ያለው ድርድር ብቻ ነው። መብት እየጠየቃችሁ ይሁን ትብብር፣ አለቃ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት እወቁት። የደብዳቤው አጻጻፍ በዚያ ይወሰናል።

ደብዳቤዬ አጭር ነበር። የአባቴን ሕመም በአንድ መስመር ጠቀስኩ። የቀረው ስለ ሥራው ነው፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኞቹን ሰዓታት፣ የትኛው ሥራ እኔ ጋ ይቀራል፣ የትኛውስ ለማን ይተላለፋል። የአለቃዬ የመጀመሪያ ጥያቄ "አንቺ በሌለሽበት ደንበኛ ቢደውል ማን ያነሳል?" የሚል ነበር። መልሱ ደብዳቤው ላይ ስለነበር ብዙም አልተከራከርንም።

ሥራውን መዘርዘር እንዲህ የጠቀመኝ በሌላም ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሰዓቱም ደመወዙም ተቀንሶበት ሥራው እንዳለ ይቀርበታል። የሙሉ ቀኑን ሥራ በግማሽ ደመወዝ፣ ማታ ቤቱ ይጨርሰዋል። ይሄ የሰዓት ቅነሳ አይደለም፤ የደመወዝ ቅነሳ ነው።

የሰው ኃይል ክፍሉ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረቂቅ የዓመት ፈቃዴን ጨርሶ አስቀርቶት ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 175 ይዤ ሄድኩ። ስምምነቱ በከፊል ሰዓት የሚሠራ ሰው በዚህ ብቻ የሰዓት ክፍያው ዝቅ እንዳይል ይጠይቃል። የዓመት፣ የሕመምና የወሊድ ፈቃድም ከሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ይላል። ብዙ አገሮች አላጸደቁትም። ላላጸደቀ አገር አያስገድድም፤ ለመነጋገሪያ ግን ጥሩ መለኪያ ነው። ፈቃዴ በሠራሁት ሰዓት ልክ ተመለሰ።

በጣም የታገልኩት ወደ ሙሉ ሰዓት ስለመመለስ ነው። የሰው ኃይል ባለሙያው "ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን፣ አታስቢ" አለኝ። "አንተን አምንሃለሁ፤ ግን ያኔ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ይችላል" አልኩት። የመመለሻው ቀን ተጻፈ። ይህ የእኔ ብቻ ስጋት አይደለም። ጀርመን ሰዓት የማስቀነስ መብትን እ.ኤ.አ. በ2001 በሕግ ሰጥታለች። ይሁን እንጂ ሰዓታቸውን ቀንሰው መመለስ ያቃታቸው፣ በተለይም ሴቶች፣ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ በ2019 ሌላ ሕግ ጨመረች። ከ45 በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀንሶ ሠርቶ ወደ ቀድሞ ሰዓቱ ይመለሳል።

ከመፈረሜ በፊት ረቂቁን ለሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ አሳየሁ። እሷ ሁለት ነገር አስጨመረችልኝ። አንደኛው፣ ከአዲሱ ሰዓቴ በላይ እንድሠራ ከተፈለገ ቀድሞ በጽሑፍ እንድጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ የጡረታ መዋጮዬ በየትኛው ደመወዝ እንደሚታሰብ በግልጽ እንዲቀመጥ ነው። የተፈረመውን ኮፒ እዚያው ተቀብዬ ወጣሁ።