ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ

ዛሬ በማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ እንጦጦ ወጣሁ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የያዝኩት። ማገዶ የተሸከሙ እናቶች እየወረዱ ስለነበር መንገድ ልልቀቅላቸው ብዬ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። አልፈው ስረግጥ መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። ሦስት ወር ሙሉ የፈለግኩት ይህችን ቅጽበት ነው።

መኪናዬ የ2007 ያሪስ ናት፤ ሞተሯ 1.5 ሊትር፣ ማርሿ ማኑዋል። ከፋብሪካ ስትወጣ 106 የፈረስ ጉልበት ተብሎላታል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ይህን አውቄ ተቀብዬዋለሁ።

ያልተቀበልኩት መዘግየቷን ነው። ስረግጥ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። አንድ ቀን መገናኛ ላይ ሚኒባስ እየመጣ ልግባ ብዬ ረገጥኩ፣ እሷ ግን አልተነሳችም። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ክፍቱን፣ ሾጣጣውን የአየር ፊልትሮ ገዛሁ። የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውጥቼ እሱን ገጠምኩ። ድምፅዋ ተቀየረ፤ ስትነሳ ታገሳለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ፈጥናለች ብዬ ማልኩ። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ነው ያሳመነኝ።

ቀትር ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ከበፊቱም የባሰች ሆነች። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን ትንሿን መመርመሪያ ሰክቼ አየሁ። ውጪው 24 ዲግሪ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ግን 58። ክፍቱ ፊልትሮ ኮፈን ስር ሆኖ የራዲያተሩን ትኩሳት ይጠጣል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከፍታው ካሳሳው ላይ እኔ ደግሞ አሥር በመቶ ያህል ቀነስኩባት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የሞተር ችግር የሚጠቁመው የቼክ መብራት በራ።

ሰፈራችን ያሉት መካኒክ አዛውንት ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ዝም ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና አየር አላነሳትም። ጉሮሮዋ ነው የተዘጋው።»

«ጋሼ፣ ፊልትሮው እኮ አዲስ ነው።»

«እሱን አላልኩህም።»

ቱቦውን ነቅለው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነውን ትሮትል አሳዩኝ። ክቧ መዝጊያ ጠርዟ ድረስ በጥላሸት ጠቁራለች። የአየር መለኪያው ሴንሰርም ዘይት ቀምሷል። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ አለ፤ አየሩ ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው ታይቶ ነው ነዳጁ የሚመጠነው። እኔ የገዛሁት ፊልትሮ ዘይት የተቀባ ነው። ዘይቱ ሽቦው ላይ አረፈ፣ አቧራችን በላዩ ተለጠፈ፣ ስሌቱ ሁሉ ተዛባ።

ሴንሰሩን በራሱ ስፕሬይ፣ ትሮትሉን በጨርቅና በማጽጃ ቀስ ብለው አጸዱ። ሳጥኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አዲስ የወረቀት ፊልትሮም ገባበት። ከዚያ ጋሼ ከፊት ያለውን የመሳቢያ ቱቦ በእጃቸው ዳሰሱ። ተሰብሯል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። መኪናዋ ይህን ሁሉ ጊዜ ከራዲያተሩ ኋላ ነበር የምትተነፍሰው።

እውነተኛው ሥራ ያኔ ተጀመረ። ያገለገለ ቱቦ ገዝተን አፉን ከፊት ፍርግርጉ ጀርባ አመጣነው። ዝቅ እናድርገው ብዬ ነበር፣ ጋሼ እምቢ አሉ። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ስገባ ውሃ ከሳበች ሞተሯ በአንድ አፍታ ይሰበራል። ውሃ ሊጨመቅ አይችልማ። ልክ ናቸው፤ ከፍ ብሎ ቀረ።

ነቅለነው የነበረውን ባትሪ ስንመልስ፣ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ራሷን አስተካከለች። ስትሄድ አየሯ አሁን ከውጪው የሚበልጠው በአምስት ስድስት ዲግሪ ነው። ጉልበት አልጨመረችም። የጠፋባት ነው የተመለሰላት፤ እሱም ለእኔ በቂ ነው።

እንጦጦ ማርያም ጋ አቁሜ ወዲያው ኮፈኑን ከፈትኩ። የባሕር ዛፉ ሽታ ነፈሰኝ። ቱቦውን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።