የቤተ ማርያም ገንዳና የላሊበላ ጠራቢዎች የውሃ ብልሃት

ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በቤተ ማርያም ግቢ ወለል ላይ፣ ከራሱ ከአለቱ ተፈልፍሎ የወረደ ባለ አራት ማዕዘን ገንዳ አለ። ውሃውን አረንጓዴ አረም ስለሚያለብሰው ጥልቀቱ ከላይ አይታይም። ልጅ የዘገየባቸው ሴቶች በገና በዓል ይጠመቁበታል። ዳርቻው ቀጥ ያለ፣ አለቱም የሚያሟልጭ ስለሆነ በገመድ ታስረው፣ ሰው ከላይ እየያዛቸው ነው የሚወርዱት። በዚያው በዓል ካህናቱ ገሚሱ ከአፋፉ፣ ገሚሱ ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን የገና ዝማሬ ይቀባበሉበታል።

ገንዳውን ከቤተ መቅደሱ ለይቶ ማየት ግን የጠራቢዎቹን ሥራ ግማሹን መሳት ነው። አስራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ የቆሙት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ብንወስድ፣ ጉድጓዱ በአንድ ጎኑ 25 ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱ 12 ሜትር የሚጠጋው ሕንፃ ከመሬት በታች ቆሟል። በላስታ ክረምት እንዲህ ያለ ጉድጓድ መውጫ ካልተበጀለት ራሱ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ጠራቢው ከሐረጉና ከመስኮቱ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የዝናቡን መንገድ ነበር።

ችግሩን የሚያከብደው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ግንበኛ ከመሠረት ይጀምራል፤ ጠራቢ ግን ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለሉን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ነው። የወለሉ ተዳፋትና የመውጫው ቦይ ከፍታ ታዲያ ገና ከላይ ሳለ መታወቅ አለበት። ቦዩ ከወለሉ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ካለ ውሃው ይተኛል። ለገንዳ የሚሆነው አለትም ሳይነካ ቆይቶ በመጨረሻ ነው የሚፈለፈለው። አንዴ የተቆረጠ አለት አይመለስም! ጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛ በዚህ ይለያል፦ እሱ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው፣ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይሞላል።

በቤተ ጊዮርጊስ የጣሪያውን ውሃ ከግድግዳው አርቀው የሚጥሉት ከዚያው አለት የወጡ የድንጋይ አሸንዳዎች ናቸው። ሰሜኑንና ምሥራቁን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍል የሚለየው ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይ ደግሞ በበጋ ደረቅ ነው።

አለቱ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለመጥረብ የተመቸውን ያህል ውሃም ይጠጣል። መውጫው በቅጠልና በደለል ሲዘጋ ውሃው ግድግዳው ሥር ይከማቻል፣ በአለቱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፣ ሲደርቅ የሚተወው ጨው ፊቱን ቅርፊት ቅርፊት አድርጎ ይልጠዋል። በጥገና ስም ሲሚንቶ ቢመረጉበት ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል፤ ጉዳቱ ከምርጊቱ ጀርባ ይቀጥላል። ይህ ስሕተት ከዚህ በፊት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱ በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የተሠራው ጥገና ያንን መፋቅ ነበረበት።

ቤተ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2008 ከተሠሩት መጠለያዎች በአንዱ ሥር ነው። መጠለያው ዝናቡን ከሕንፃው ላይ ከልክሏል፤ ክብደቱና ነፋስ ሲመታው የሚፈጥረው ጫና ግን የአካባቢውን ሰው እስካሁን ያሳስባል፣ ስጋቱም ተገቢ ነው።

ለማንኛውም ግቢ ከጥገና ሁሉ የሚቀድመው ርካሹ ሥራ ነው፦ መውጫ ቦዮችን ከሰኔ በፊት መጥረግ፣ ከዚያም ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ማየት። ገንዳ የሚጠረግ ከሆነም ደለሉ በባልዲና በእጅ ይውጣ። ዶማና አካፋ የራሰውን አለት አብረው ያነሡታል፤ ጠራቢው በመሮ የተወው ምልክትም የሚጠፋው ያኔ ነው።