ግድቡ ሐይቁን አያውቀውም

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ሁለት ግድግዳዎች አሉ። ሁለቱም 5 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ አግደው ቆመዋል። ከአንደኛው ኋላ ያለው 1 ሜትር ብቻ የሚረዝም ጠባብ ገንዳ ነው፤ ከሌላው ኋላ ያለው ግን ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ፣ 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ። በርትቶ የሚገፋው የቱ ነው?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ሳላቅማማ «ሐይቁ ነዋ!» አልኩ። ተሳስቼ ነበር። ሁለቱ ለእያንዳንዱ ሜትር ወርድ እኩል ነው የሚገፉት። ቀመሩን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ፣ ውስጤ ግን ለብዙ ዓመት አልተቀበለውም። ያ ሁሉ ውሃ የት ገብቶ ነው የማይገፋው?

በመጨረሻ ያሳመነኝ ቀመሩ ሳይሆን ቧንቧ ነው። ገንዳውንና ሐይቁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከታች በቀጭን ቧንቧ አገናኟቸው። የውሃቸው ከፍታ እኩል ነው። ሐይቁ ብዙ ስለሆነ ብቻ የበለጠ የሚገፋ ቢሆን ኖሮ ውሃው በቧንቧው ወደ ገንዳው ይሮጥ ነበር፣ ገንዳውም ሞልቶ ይፈስ ነበር። ግን ምንም አይፈጠርም። ውሃው ባለበት ዝም ይላል። ዝም ካለ ደግሞ በቧንቧው ሁለት ጫፍ ላይ ያለው ግፊት እኩል ነው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለረጋ ፈሳሽ ነው፤ «የረጋ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ውሃው ከረጋ እያንዳንዷ ጠብታ ከግራም ከቀኝም እኩል ተገፍታ ነው የቆመችው። ከታች የሚገፋት ከላይ ከሚጫናት በትንሹ ይበልጣል፣ እሱም የራሷን ክብደት ለመሸከም የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ይቺን ትንሽ ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስለዚህ ግፊቱን የሚወስኑት የውሃው እፍግታ (አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ እንደሚሆን)፣ የመሬት ስበትና ጥልቀቱ ናቸው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ 1 ካሬ ሜትር ከላዩ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ተሸክሟል፣ ማለትም 10 ቶን። በግፊት መለኪያው በፓስካል (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ኒውተን ኃይል) ወደ 98,000 ይመጣል። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል 101,325 ፓስካል መሆኑን ስታስቡ፣ 10 ሜትር ውሃ ከላያችን ካለው አየር ሁሉ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ይህ ግፊት ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም። ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ጆሯችሁን ሲያማችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ፈለጋችሁበት ብታዞሩ፣ ጥልቀቱ እስካልተለወጠ ሕመሙ አይቀንስም።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ግፊቱ ከውሃው ፊት ላይ ዜሮ ይጀምርና እስከ ታች እየጨመረ ስለሚሄድ የምንወስደው አማካዩን ነው። በ5 ሜትር ጥልቀት በ1 ሜትር ወርድ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 122,600 ኒውተን ነው፣ 12.5 ቶን እንደማለት። ጥልቀቱ 10 ሜትር ሲሆን ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም አማካይ ግፊቱም ውሃው የሚነካው የግድግዳ ስፋትም እጥፍ ሆነዋል። ግድግዳውን ከሥሩ ገልብጦ ለመጣል የሚሞክረው የመጠምዘዝ አቅምማ፣ ኃይሉ የሚያርፍበት ከፍታም እጥፍ ስለሚሆን፣ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ግድቦች ከታች የሚወፍሩት ለዚህ ነው፤ የሐይቁ ርዝመት እዚህ ስሌት ውስጥ አንድም ቦታ አይገባም።

አሁን እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል። አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን አስቡ፦ የወለሉ ስፋት 1 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር። 100 ሊትር ውሃ ይይዛል። ክዳኑን ዝጉና መሐሉ ላይ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሜትር ቁመት ያላት ቀጭን ቱቦ ትከሉ። ቱቦዋን ለመሙላት የሚያስፈልገው 1 ሊትር ውሃ ብቻ ነው። ያቺን 1 ሊትር ስትጨምሩ የሣጥኑ ወለል ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 99,000 ኒውተን ይወጣል፣ አሥር ቶን ገደማ! ሣጥኑን ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ግን ሚዛኑ የሚያነበው የ101 ሊትር ውሃና የዕቃውን ክብደት ብቻ ነው።

ቀሪው የት ሄደ? ክዳኑ ላይ ነው ያለው። ውሃው ወለሉን ወደ ታች እንደሚጫን ሁሉ ክዳኑንም ወደ 98,000 ኒውተን በሚሆን ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ክዳኑ ከሣጥኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉና የሚቀረው ልዩነት 991 ኒውተን፣ ልክ የ101 ሊትር ውሃ ክብደት ነው። ይህን ነገር የፍላንደርሱ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ገና እ.ኤ.አ. በ1586 አሳትሞታል፣ ዛሬም ሃይድሮስታቲክ ፓራዶክስ (የረጋ ፈሳሽ እንቆቅልሽ) ይባላል። እኔ ቁጥሮቹን በእጄ እስክደምራቸው ድረስ አላመንኩም፤ እናንተም ወረቀት አውጥታችሁ ሞክሩት።

ያዙልኝ ያልኳት ልዩነትስ? እሷ ናት ዕቃ የምታንሳፍፈው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኩብ አናቱ 1 ሜትር፣ ሥሩ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሁን። ከላይ 9,810 ኒውተን ይጫነዋል፣ ከታች 19,620 ይገፋዋል። ልዩነቱ 9,810 ኒውተን፣ የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜዲስ ያለውም ይሄንኑ ነው። 100 ሜትር ብታወርዱት ሁለቱም ቁጥሮች ያድጋሉ፣ ልዩነታቸው ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፦ ከሥሩ ውሃ መኖር አለበት። የሰመጠ መርከብ ጭቃ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ከሥሩ የሚገፋው ውሃ እንደ ልብ አይደርሰውም፤ ለማንሳት ሲሞከር ጭቃው ይዞ አልለቅ ይለዋል። ስለዚህ መርከብ የሚያወጡ ሰዎች በኃይለኛ ፓምፕ ከሆዱ ሥር ውሃ ይረጫሉ።